ጆሮው ወዴት ነው?

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ አንድ ዳማ ፈረስ ቆሟል። ዕድሜው ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። ጀርባው ኮርቻ አያውቅም፤ አፉም ልጓም አልቀመሰም። ራሱ ላይ የታሰረውን ገመድ የያዘው ወጣት ከትከሻው አጠገብ በእግሩ ቆሟል። የወጣቱ አያት ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

ከዳገቱ በኩል አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ብቅ አለ። የፈረሱ አንገት ወዲያው ተመዘዘ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ መንገዱ ተተከሉ፤ ሣር ሲያኝክ የነበረው መንጋጋው ቀጥ አለ፤ ትንፋሹም ተያዘ። ወጣቱ በደመ ነፍስ ገመዱን በሁለት እጁ አሳጥሮ ጨበጠ።

«አታጥብቅበት፤ አላላለት!» አሉ አያቱ።

«አባባ፣ ባላላለት ይሄዳልኮ!»

«ስታጠብቅበት ነው የሚሄደው። ይልቅ ወደ ጎኑ እለፍና የኋላ እግሩን አንድ እርምጃ አስነሣው። አንድ ብቻ።»

ወጣቱ ገመዱን ለቀቅ አድርጎ ወደ ፈረሱ ጎን አለፈና ዓይኑን ዳሌው ላይ ጣለ። ፈረሱ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ የኋላ እግሩን አሻግሮ ረገጠ። ሰኮናው መሬት ሲነካ አንደኛው ጆሮ መንገዱን ትቶ ወደ ወጣቱ ዞረ።

«በቃ! አሁን ተወው» አሉ አያቱ።

ወጣቱ ቆመ፤ ትከሻውን አላላ፤ እጁን አወረደ። አይሱዙው እየተንገጫገጨ ሲያልፍ ፈረሱ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ አወጣና አንገቱን ዝቅ አደረገ።

በአካባቢው ያደገ ፈረስ አንድ ቀን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ነገር ይጠብቀዋል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን እንጅባራ ላይ ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈረስ በዓድዋ ጦርነት ለዋለው ውለታ መታሰቢያ ነው። በዚያ ዕለት ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዳንግላና ከሌሎችም የአዊ ወረዳዎች የመጡ ፈረሰኞች በሜዳው ይሰለፋሉ። ፈረሶቹ በደማቅ ቀለም ያጌጠ ግላስ ለብሰዋል። ዘፈን አለ፤ እልልታ አለ፤ ድምፅ ማጉያ አለ፤ የሚውለበለብ ባንዲራ አለ፤ ግራና ቀኙን የሞላ ሕዝብ አለ። በዚህ ሁሉ መሀል ፈረሱ የአንድ ሰው ፈቃድ እንዲሰማ ይፈለጋል። ይህ ችሎታ የሚጀመረው ኮርቻ ሳይጫን፣ ሰውየው መሬት ላይ ቆሞ፣ በገመድ ርዝመት ውስጥ በሚሠራ ትዕግሥት የተሞላ ሥራ ነው። እዚያ ያልተገኘ ትኩረት ጀርባ ላይ ወጥተው ቢፈልጉት በቀላሉ አይገኝም።

ፈረስ ምን ያያል? ምንስ ይሰማል?

«ፈረሱ ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ብለን ስንቆጣ፣ እሱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን እንረሳለን። ፈረስ የሚታደን እንስሳ ነው። ቀንድ የለውም፤ የሚያድነው ቀድሞ ማየትና ቀድሞ መሮጥ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ በዙሪያው ካለው 360 ዲግሪ ወደ 350 የሚጠጋውን አንገቱን ሳያዞር ያያል። የማያየው ከጭራው በስተኋላ ያለውን ጠባብ ስፍራና ከግንባሩ ፊት ለፊት በጣም የቀረበውን ነው። በሁለቱም ዓይኖቹ በአንድነት አጥርቶ የሚያየው ግን ከፊቱ ያለውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎኑ የተንቀሳቀሰውን ነገር ምንነት ለመለየት አንገቱን ማንሣትና መዞር አለበት።

ጆሮውም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ጆሮ ለብቻው እስከ 180 ዲግሪ ይዞራል። ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ሲሰማ፣ ፈረስ እስከ 33,000 ገደማ ይሰማል። ነገር ግን ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ በመለየት ሰው ይበልጠዋል። በጥናት እንደታየው፣ ሰው የአንድ ዲግሪ ያህል ልዩነት ሲበቃው ፈረስ ወደ 25 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይፈልጋል። ብዙ ይሰማል፣ ከየት እንደመጣ ግን በጆሮው ብቻ አያረጋግጥም። ጥሩምባ ሲሰማ አንገቱን መዝዞ በዓይኑ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ አንገቱን በገመድ ወደ ታች መጎተት የፈራውን ነገር እንዳያይ መከልከል ነው። ያላየውን ነገር ደግሞ ፈረስ አያምንም።

ሌላም ብዙዎች ሲያዩት የሚገርማቸው ነገር አለ። ትናንት በሰላም ያለፈውን በርሜል ዛሬ ከወዲያ በኩል ሲመጣ ይደነብርበታል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ታዋቂዋ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ቴምፕል ግራንዲን ያሉበት ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ወጣት ፈረሶችን ከአንድ ትልቅ የልጆች መጫወቻ ጋር አላመዱ። ከዚያ ዕቃውን 90 ዲግሪ አዞሩት። ፈረሶቹም ዕቃውን ገና እንደማያውቁት ነገር አዩት። ስለዚህ አሠልጣኝ አንድን ነገር ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ፣ በሁሉም በኩል ማሳየት አለበት። «ትናንት አልፎታልኮ!» የሚለው ንዴት ፈረሱን መበደል ነው።

የገመዱ ሌላኛው ጫፍ

የፈረስን ትኩረት ለመያዝ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ራሱን መመርመር አለበት፤ ፈረሱ ቀድሞውኑ እየመረመረው ነውና። የዚህ ዝነኛ ማስረጃ ከበርሊን የተገኘ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባሉ ሰው ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበራቸው። ሐንስ የሂሳብ ጥያቄ ሲቀርብለት በሰኮናው መሬት እየመታ መልሱን ይቆጥር ነበር። ኦስካር ፉንግስት የተባለው ተመራማሪ ነገሩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1907 ውጤቱን አሳተመ። ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት ሲከለከል፣ ሐንስ ይሳሳት ነበር። ሰዎቹ ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ ሳያውቁት ራሳቸውን በጥቂቱ ያነቃንቃሉ፤ ፈረሱ ደግሞ ያን ቅንጣት እንቅስቃሴ አይቶ ያቆማል። ሐንስ ሂሳብ አይችልም ነበር፤ ሰውን ማንበብ ግን ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የስዊድን ጥናት ነገሩን ወደ ልብ ምት አወረደው። ሰዎች ፈረስ እየመሩ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው አራት ጊዜ እንዲመላለሱ ተደረገ። ከአራተኛው ጉዞ በፊት «ስታልፉ ጃንጥላ ይከፈታል» ተባሉ። ጃንጥላው ግን አልተከፈተም። ይሁን እንጂ የሰዎቹ የልብ ምት ጨመረ፤ የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። ፈረሱ ስለ ጃንጥላ የነገረው ማንም የለም። የፈራው የሚመራው ሰው ስለፈራ ነው።

እንግዲህ አይሱዙው ብቅ ሲል ገመዱን በሁለት እጁ የጨበጠው ወጣት ለፈረሱ መልእክት ልኳል፦ «የሚያስፈራ ነገር መጣ፤ እኔም ፈርቻለሁ።» አበው «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚሉት በትክክል እዚህ ላይ ይሠራል። የተጨነቀ እንስሳ ላይ የተጠበቀ ገመድ፣ የከረረ ድምፅና የተያዘ ትንፋሽ ሲደመሩ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል። ሽማግሌው «አላላለት» ሲሉ ፈረሱን ችላ በል ማለታቸው አልነበረም። ገመዱ ሲላላ ፈረሱ መውጫ እንዳለው ይሰማዋል፤ መውጫ እንዳለው የተሰማው እንስሳ ደግሞ ቆሞ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል።

መጠየቅ እና መተው

ታዲያ ገመዱን ማላላት ብቻውን አይበቃም። ሽማግሌው ወዲያው «የኋላ እግሩን አንድ እርምጃ አስነሣው» ያሉት ለዚህ ነው። ፈረስ «አትፍራ» የሚል ትእዛዝ አይገባውም፤ «እግርህን ወዲህ አምጣ» የሚለው ግን ይገባዋል። እግሩ ለሰውየው ሲታዘዝ ጆሮውና ልቡ ይከተላሉ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ዞር ብሎ አቅጣጫ መለወጥ፣ እነዚህ ትናንሽ ጥያቄዎች ፈረሱን ከመንገዱ ወደ ሰውየው የሚመልሱ ናቸው። ዳሌውን ወደ ጎን ማስረገጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ የኋላ እግሮቹ በሚሻገሩበት ቅጽበት በቀጥታ ፈርጥጦ ለመሮጥ የሚያስፈልገውን ጉልበት ማሰባሰብ ይቸግረዋል።

ከመጠየቁ በላይ የሚከብደው፣ የመጀመሪያውም ቁልፍ ነገር፣ መተው ነው። ፈረስ የሚማረው ግፊቱ ሲጀምር ሳይሆን ግፊቱ ሲያበቃ ነው። ሰውየው ወደ ዳሌው ሲጠጋ ግፊት ነው፤ እግሩ ሲነሣ ሰውየው ወዲያው ቢቆም ፈረሱ «ይህ ነው የተፈለገው» ብሎ ይይዛል። ሰውየው ዘግይቶ፣ ፈረሱ ጆሮውን መልሶ ወደ መንገዱ ከተከለ በኋላ ቢተወው ግን የሸለመው ፍርሃቱን ነው። «በቃ! አሁን ተወው» የሚለው የሽማግሌው ቃል በትክክለኛዋ ቅጽበት የተነገረ ነበር። ጆሮው የዞረበት ቅጽበት ነበረ።

ሁለተኛው ቁልፍ ነገር ጊዜ ነው። ፈረስ ከመደንበሩ በፊት ይናገራል። ሁለቱም ጆሮዎች በአንድ ነገር ላይ ይተከላሉ፤ አንገት ይመዘዛል፤ መንጋጋ ይደርቃል፤ ዓይን መርገብገብ ያቆማል፤ ትንፋሽ ይያዛል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የቀረበ ትንሽ ጥያቄ መልስ ያገኛል። ከዚያ ካለፈና እግሩ ከተነሣ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ትግል ይሆናል፤ ከፈረስ ጋር ታግሎ የሚያሸንፍ ሰው የለም። ሲመለስም እንዲሁ ይናገራል፦ አንድ ጆሮ ወደ ሰው ይዞራል፤ ዓይን ይርገበገባል፤ አንገት ይወርዳል፤ ረጅም ትንፋሽ ይወጣል፤ አንዳንዴም ከንፈሩን ይልሳል፤ ያኝካል። እነዚህን ምልክቶች የሚያነብ ሰው ጅራፍ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ርቀት ነው። መኪና ከቅርብ ሲያልፍ የሚደነብር ፈረስ ሃምሳ ሜትር ርቆ ቢቆም ምናልባት አንገቱን ብቻ ያነሣል። ሥራው መጀመር ያለበት ፈረሱ እያየም ሰውየውን ሊሰማ ከሚችልበት ርቀት ነው። እዚያ ላይ ትንሽ መሥራት፣ መተው፣ ጥቂት መቅረብ፣ እንደገና መሥራት፤ ሲከብደው ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀለል ባለው መጨረስ። በዴንማርክ ጃኔ ቪንተር ክሪስተንሰን እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን በተጨባጭ አሳይተዋል። ሃያ ሰባት የሁለት ዓመት ድንጉላ ፈረሶችን ከሚንቀሳቀስ ነጭ የናይለን ከረጢት ጋር በሦስት መንገድ አላመዱ። ለአንዱ ቡድን አስፈሪው ነገር ሙሉ በሙሉ ቀረበለት፤ ሌላው ከመኖ ጋር እያገናኘ ተለማመደ፤ ለሦስተኛው ደረጃ በደረጃ፣ በትንሽ በትንሹ ቀረበለት። ደረጃ በደረጃ የተላመዱት በጥቂት የሥልጠና ጊዜ ተማሩ፤ ሲደነብሩም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ከእነርሱ ሁሉም ተረጋግተው ቆሙ፤ ከሌሎቹ ቡድኖች ግን ጥቂቶቹ ሳይላመዱ ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመ ሌላ የክሪስተንሰን ሥራ ደግሞ የተላመደና የተረጋጋ ፈረስ አብሮ ሲኖር አዲሱ ፈረስ ፍርሃቱ እንደሚቀንስ አሳየ። ገና ያልተገራውን ወጣት ፈረስ ከሸመገለው ጋር አብሮ ገበያ መውሰድ የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ከጥንትም የሚታወቅ ነበር። ግሪካዊው የጦር ሰው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፣ ውርንጭላው በሕዝብ መሀል እየተመራ የተለያየ ነገር እንዲያይና የተለያየ ድምፅ እንዲሰማ፣ ሲፈራም በቁጣ ሳይሆን በማባበል የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ እንዲማር ይመክራል። በንዴት ወደ ፈረስ መቅረብንም አጥብቆ ይከለክላል።

የሠለጠነ ፈረስም ይደነግጣል

ሥልጠና ፍርሃትን ከፈረስ ላይ አይነቅልም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2024 በለንደን የንጉሡ ክብር ዘብ ፈረሶች ለልምምድ ወጥተው ሳለ በአቅራቢያቸው ከሕንፃ ሥራ የተጣለ ፍርስራሽ ድምፅ አስደነገጣቸው። ለሰልፍ የሠለጠኑ ፈረሶች ነበሩ፤ ሆኖም ወታደሮቹን ጥለው በከተማው መሀል ፈረጠጡ፤ ከተሽከርካሪ ጋር ተጋጩ፤ ሰዎችም ፈረሶችም ተጎዱ። ከዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 1981፣ በዚያው ከተማ ሌላ ነገር ታይቷል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በልደታቸው ሰልፍ ላይ በርሚዝ የተባለችውን ጥቁር ባዝራ ተቀምጠው ሳለ አንድ ወጣት ከሕዝቡ መሀል ስድስት የባዶ ጥይት ተኮሰ። ባዝራይቱ ደነገጠች፤ ንግሥቲቱ ግን አረጋግተው በጉዟቸው ቀጠሉ። በርሚዝ ብዙ ሰልፍ ያየች፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ከካናዳ ንጉሣዊ ፈረሰኛ ፖሊስ በስጦታ የተሰጠች ነበረች።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ፈረስ ፈርቶ ሌላው አለመፍራቱ አይደለም። ሁለቱም ፈርተዋል። ልዩነቱ ከፍርሃቱ በኋላ ፈረሱ የሚመለስበት ሰው ማግኘቱና ያ ሰው በዚያ ቅጽበት መረጋጋቱ ነው። አንዳንዴ ነገሩ ከማንም አቅም በላይ ይሆናል፤ የ2024ቱ አደጋ ያን ያሳያል። ሆኖም ከመሬት ተነሥቶ በትዕግሥት የተሠራ ሥራ የመመለሻውን መንገድ ሰፊ ያደርገዋል። የለንደን ፖሊስ ፈረሶች በኢምበር ኮርት ማሠልጠኛ ባንዲራን፣ የሙዚቃ ባንድንና የሕዝብ ጩኸትን ደረጃ በደረጃ እንዲለማመዱ የሚደረገው ይህን መንገድ ለማስፋት ነው።

ለእኛ ፈረሶች

ኢትዮጵያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች አሏት። ከእነዚህ መካከል በጥር 23 የሚያጌጡት ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሸክም ይሸከማሉ፤ በየክልል ከተማው ጋሪ ይጎትታሉ። የጋሪ ፈረስ ከባጃጅ፣ ከአይሱዙና ከሞተር ብስክሌት መሀል ቀኑን ይውላል። ሲደነብር በጅራፍ ይመታል። ይህ ከልብ ያሳስበኛል። ፈረሱ ባጃጅ ሲያይ ጅራፍ ካረፈበት፣ ባጃጅ በእርግጥ ሕመም የሚያመጣ ነገር መሆኑን አረጋገጥንለት ማለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ገና ድምፁን ሲሰማ ይደነብራል፤ ሾፌሩም ባሰበት ብሎ አብልጦ ይመታል። በዚህ አዙሪት ፈረሱ ይጎዳል፤ ተሳፋሪው ይጎዳል፤ የሾፌሩም እንጀራ ይጎዳል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ የተገዛ ፈረስ ጋሪ ከመጎተቱ በፊት ለጥቂት ሳምንታት በእግር እየተመራ ከመንገድ ራቅ ብሎ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ ከተረጋጋና ሸምገል ካለ ፈረስ ጎን ቢሄድ ብዙ ነገር ይቀየራል። ገመድ እጅ ላይ መጠቅለል የለበትም፤ ፈረስ ሲፈረጥጥ ጣትን ይቆርጣልና። ሰውየው ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከትከሻው ጎን መቆም አለበት። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ ከግራም ከቀኝም፣ ፈረሱ ተረጋግቶ ባለበት ሰዓት ማብቃት አለበት። ማዘጋጃ ቤቶችና የጋሪ ባለቤቶች ማኅበራት ለአዲስ ሾፌር ፈቃድ ሲሰጡ ይህን ሥልጠና አብረው ቢያደርጉት በመንገዳችን ላይ የምናየው ብዙ አደጋ በቀነሰ ነበር።

የአገው ፈረሰኞች ይህን ዕውቀት ሲጠብቁት ኖረዋል። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ፣ በግጦሽ ሜዳ ላይ፣ «አላላለት» እና «በቃ፣ ተወው» በሚሉ ሁለት ቃላት ሲተላለፍ የቆየ ዕውቀት ነው። የዴንማርክና የስዊድን ተመራማሪዎች ሰነድ ያደረጉትን ሽማግሌዎቻችን በእጃቸው ያውቁታል። የእንጅባራው በዓል በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሰው የሚያይበት መድረክ ነው። ከግልቢያውና ከጉግሱ በፊት አንድ ሰዓት ብቻ ተመድቦ፣ ሽማግሌዎች በድምፅ ማጉያው መሀል፣ በሕዝቡ መሀል፣ በእግር ቆመው ወጣት ፈረስን እንዴት እንደሚያረጋጉ ቢያሳዩ፣ የጋሪ ሾፌሩም የፈረሰኛው ልጅም እዚያው ሜዳ ላይ ይማራሉ። ከጀርባ ላይ የሚታየው ጀግንነት የሚበስለው እዚህ ነውና፣ ይህን ሥራ አደባባይ ማውጣት ፈረሶቻችንን ከምናከብርባቸው መንገዶች ሁሉ የሚጠቅማቸው ይመስለኛል።